በልጅ እጅ ስለሚለመን ምጽዋት

ከአዲስ አበባ ተነሥቶ ወደ አፋር የሚወርድ መንገደኛ አዋሽ ሰባት ኪሎ ሲደርስ፣ መኪናው ገና ሳይቆም፣ አንዲት ትንሽ እጅ ከመስኮቱ ሥር ብቅ ትላለች። የአውቶቡሱ መስኮት ከፍ ያለ ስለሆነ የእጂቱ ባለቤት አይታይም፤ የሚታየው መዳፉና በጥፍሩ ሥር የሞላው አቧራ ብቻ ነው። ድምፁ «አባባ፣ ስለ አላህ» ይላል፤ ተሳፋሪው ነጠላ የለበሰ እንደሆነ ግን «ስለ ማርያም» ይላል። የሰውን ሃይማኖት ከልብሱ ማንበብን ፊደል ከመቁጠሩ በፊት የተማረ ልጅ ነውና ብዙ ጊዜ አይሳሳትም።

እኔ በዚህ መንገድ ለብዙ ዓመት ተመላልሻለሁ። በመጀመሪያዎቹ ዓመታት ያለ ሐሳብ እሰጥ ነበር። ለሽማግሌ ለማኝ አንድ ብር ብሰጥ ለልጅ አምስት እሰጣለሁ፤ ልጁ ጨቅላ ያዘለ እንደሆነ ደግሞ አሥር እሰጣለሁ። ይህን ሒሳብ እንደምሠራ ሳይታወቀኝ እሠራው ነበር፤ ከጎኔ የሚቀመጡትም መንገደኞች እንዲሁ ይሠሩት ነበር። ቆይቼ እንደ ተረዳሁት ግን ሒሳቡን ከሁላችን ይልቅ አጥርታ የምታውቀው ከመንገዱ ማዶ ከግራር ጥላ ሥር የተቀመጠችው እናት ናት። እኛ ለልጅዋ የምናደርገውን አብልጦ የመስጠት ልማድ እርስዋ የዕለት እንጀራዋ አድርጋዋለች። ልጅን ለልመና የሚያሰማራው ወላጁ ነው እየተባለ በየስብሰባው ሲነገር በሰማሁ ቁጥር፣ ደመወዙን የሚከፍለው ማን እንደሆነ የሚጠይቅ ሰው አለማግኘቴ ይገርመኛል።

ሕጋችንን በዚህ ጽሑፍ ልነቅፍ አስቤአለሁ። ነገር ግን ሕግን የሚነቅፍ ሰው ራሱ በሕግ ምን እንደ ሠራ አስቀድሞ ቢናገር ይሻላልና፣ የራሴን አስቀድማለሁ።

በዚሁ በአዋሽ ሸለቆ፣ ስሙን በማልጠራው በአንድ የመንገድ ዳር ከተማ፣ ከጥቂት ዓመታት በፊት ነው። ጊዜው ሰኔ ነበረ፤ የዚያን አገር ሰኔ የሚያውቅ ያውቀዋል። የአውቶቡሱ ጎማ ፈንድቶ እስኪለወጥ ድረስ ከአንዲት ሻይ ቤት ዳስ ሥር ተቀምጬ ሳለሁ፣ ስምንት ወይም ዘጠኝ ዓመት የሚሆናት ልጅ ታናሽ ወንድምዋን አዝላ ወደ ጅቡቲ በሚወርዱት ከባድ መኪናዎች መካከል ስትሽሎከለክ አየሁ። አንዱ ሾፌር ሳያያት መኪናውን ወደ ኋላ ሲመልስ ሰዎች ጮኸው አስቆሙት። ልጅቱ ደንግጣ ማልቀስ ጀመረች። እናትዋም ከተቀመጠችበት ሳትነሣ በእጅዋ ወደ ሚቀጥለው መኪና አመለከተቻት። ልጅቱ እንባዋን ሳትጠርግ ሄደች፤ እንባዋም በፊትዋ ላይ ስለ ነበረ ከፊተኛው ይልቅ ብዙ ብር አገኘች።

ይህን ባየሁ ጊዜ ቁጣ ያዘኝ። ከአጠገቤ አንድ ወጣት ፖሊስ ሻይ ይጠጣ ነበርና «እንዲህ ያለውን ነገር ሕግ አይከለክልም ወይ?» ብዬ ጠየቅሁት። «ይከለክላል፣ ጋሼ፤ ግን ምን ይደረጋል?» አለኝ። በመልሱ ይበልጥ ተናድጄ፣ የሰው ሁሉ ጆሮ ወደ እኛ እስኪያዘነብል ድረስ፣ ስለ ሕፃናት መብትና ስለ መንግሥት ሠራተኛ ግዴታ ረጅም ንግግር አደረግሁለት። ተግሣጹ አሳፍሮት ይሁን ወይም እኔን ዝም ለማሰኘት፣ ብርጭቆውን አስቀምጦ ተነሣና ሴቲቱን ይዞአት ሄደ። ጎማውም በዚያው ተለውጦ ነበርና እኔ መልካም ሥራ እንደ ሠራ ሰው ተደላድዬ ወደ ሰመራ ጉዞዬን ቀጠልሁ።

በአራተኛው ቀን ስመለስ ያችው ልጅ ያንኑ ሕፃን አዝላ ከመስኮቴ ሥር ቆመች። አላወቀችኝም። «እናትሽስ?» ብላት «ታስራለች፤ ምግብዋን ላደርስላት ነው» አለችኝ። ልጅቱ እንዳትለምን ብዬ የቀሰቀስሁት ሕግ ለሦስት ሰው እንድትለምን አድርጎአት ኖሮአል፤ ለራስዋ፣ ለወንድምዋና ለእስረኛዋ እናትዋ። ሕፃኑ ጡት ያልጣለ ስለሆነ ጠዋትና ማታ ወደ ጣቢያው ወስዳ ታስጠባዋለች፤ ዘበኞቹም ይህን ያህል ርኅራኄ አልነፈጓትም። ሌሊት የት እንደሚያድሩ ብጠይቃት በአገጭዋ ወደ ሻይ ቤቱ በረንዳ አመለከተችኝ። ሠላሳ አርባ ከባድ መኪና በሚያድርበት ከተማ፣ የዘጠኝ ዓመት ሴት ልጅ ያለ እናት በረንዳ ላይ ስታድር ምን ሊደርስባት እንደሚችል አንባቢ ያውቃልና አልተርከውም። ፊት ስትለምን ከእናትዋ ዓይን ሥር ነበረች፤ አሁን ግን ከማንም ዓይን ሥር አልነበረችም።

ከአውቶቡሱ ወርጄ ወደ ጣቢያው ሄድሁና ዋስ ሆኜ አስፈታኋት። ሴቲቱ ስትወጣ ታመሰግነኛለች ብዬ ጠብቄ ነበር ብል ውሸት አይደለም። እርስዋ ግን ማን እንደሆንሁ ፖሊሱ ነግሮአት ኖሮ፣ ሕፃኑን ከልጅቱ ጀርባ አውርዳ እያጠባች፣ ድምፅዋን ሳታነሣ «አባቴ፣ ያሳሰሩኝ እርስዎ ነዎት፤ ያስፈቱኝም እርስዎ ነዎት፤ እግዜር ይስጥልኝ። ልጄን ከመኪና ሥር አውጥተው የት ሊያኖሩልኝ ነበር?» አለችኝ። መልስ ስላልነበረኝ «ለምን አንቺ ራስሽ አትለምኚም?» አልኋት። «እኔ እጄን ብዘረጋ ሂጂ ሥሪ ይሉኛል። የእርስዋን እጅ ነው የሚያዩት። እርስዎስ ቢሆኑ ለእኔ ሰጥተውኝ ያውቃሉ?» አለችኝ። እውነትዋን ነው፤ ሰጥቻት አላውቅም ነበር።

ከዚያ ወዲህ ነው ሕጉን በጽሞና ያነበብሁት። አስቀድሞ መናገር የሚገባኝ፣ ሕጋችን በዚህ ነገር ላይ ዝም ያለ አለመሆኑን ነው። በ1987 ዓ.ም. የወጣው ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 36 ማንኛውም ሕፃን ወላጆቹን የማወቅና የእነርሱን እንክብካቤ የማግኘት፣ ጉልበቱን ከሚበዘብዙ ልማዶችና ትምህርቱን፣ ጤንነቱንና ደኅንነቱን ከሚጎዳ ሥራ የመጠበቅ መብት አለው ይላል። ሕፃናትን በሚመለከት በሚወሰድ እርምጃ ሁሉ የሕፃኑ ጥቅም ቅድሚያ እንዲያገኝም በዚያው አንቀጽ ተደንግጎአል። ከዚያ አስቀድሞ በ1984 ዓ.ም. አገራችን የተባበሩት መንግሥታትን የሕፃናት መብት ስምምነት በአዋጅ ቁጥር 10 ተቀብላለች። ከሁሉ ይልቅ ግን ጉዳያችንን በስሙ የሚጠራው የአፍሪቃ የሕፃናት መብትና ደኅንነት ቻርተር ነው። ይህ ቻርተር በ1982 ዓ.ም. ሐምሌ ወር በራሳችን ከተማ በአዲስ አበባ የጸደቀ ሲሆን፣ ኢትዮጵያ በ1994 ዓ.ም. በአዋጅ ቁጥር 283 ተቀብላዋለች። በአንቀጽ 29 ስለ ሕፃናት መጠለፍና መሸጥ ሲናገር ወላጅንም ከአድራጊዎቹ መካከል ቆጥሮ፣ ቀጥሎ መንግሥታት ሕፃናት በማናቸውም ዓይነት ልመና እንዳይሠማሩ ይከላከሉ ዘንድ ያዛል። ልመናን ከሽያጭና ከጠለፋ ጋር በአንድ አንቀጽ ውስጥ ማስቀመጡን ልብ ይሏል።

የወንጀል ሕጋችንም አለ። በ1997 ዓ.ም. ግንቦት ወር ሥራ ላይ የዋለው የወንጀል ሕግ በአንቀጽ 576 የማሳደግ ኃላፊነት ያለበት ሰው ልጁን ቢያንገላታ፣ ችላ ቢል፣ ከአቅሙ በላይ ቢያሠራው ወይም ቢደበድበው ከ3 ወር በማይበልጥ ቀላል እሥራት ይቀጣል ይላል። ለጥቅም ብሎ ወይም ግዴታውን ዘንግቶ ልጁን ለአካልም ሆነ ለመንፈስ አደጋ የሚያጋልጠውንም ሰው በአንቀጽ 659 ይከስሰዋል። በሰው የመነገድን ወንጀል ለመከላከል በ2012 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ቁጥር 1178 ደግሞ ሰውን አስገድዶ ማስለመንን ከብዝበዛ ይቆጥረዋል። ስለዚህ ያ ወጣት ፖሊስ ሴቲቱን ሲይዛት በእጁ የሚጠቅሰው አንቀጽ አልቸገረውም።

የቸገረው ሌላ ነው። እነዚህን ሁሉ አንቀጾች ደጋግሜ ባነባቸው፣ እናቲቱ በተያዘችበት ምሽት የልጅቱን እጅ ማን እንደሚይዝ በስሙና በማዕርጉ የሚናገር ቃል አላገኘሁም። የወንጀል ሕጉ አባትና እናትን ያያል፤ ጥፋታቸውን ይመዝናል፤ ወሩን ይቆርጣል። የተበደለችው ልጅ ግን ከፍርዱ በኋላ ከገጹ ትጠፋለች። እንዲያውም የባሰው፣ በዚሁ ሕግ ልጅ 9 ዓመት ከሞላው በኋላ ራሱ በወጣት ጥፋተኛነት ሊጠየቅ የሚችል መሆኑ ነው። የዚያች ልጅ ዕድሜ በዚህ ድንበር ላይ ነበረ፤ ከእናትዋ ጋር አብራ ብትያዝ ኖሮ ተበዳይ ትባል ወይስ ጥፋተኛ፣ የልደት ቀንዋን የሚያስረዳ ወረቀት እንኳ አልነበራትም።

የተቀበልናቸው ስምምነቶች ግን ይህን ነገር ሳያስቡበት አልቀሩም። የተባበሩት መንግሥታት ስምምነት በአንቀጽ 9 ልጅ ከወላጁ የሚለየው ሥልጣን ያለው አካል በሕግ መሠረት ለልጁ ጥቅም አስፈላጊ መሆኑን ሲወስን ብቻ ነው፤ ውሳኔውም በፍርድ ቤት ሊመረመር ይገባል ይላል። በአንቀጽ 20 ለጊዜውም ቢሆን ከቤተሰቡ የተለየ ልጅ ከመንግሥት ልዩ ጥበቃና እርዳታ ይገባዋል ይላል። በአንቀጽ 27 ደግሞ ልጅን የማኖር ቀዳሚው ኃላፊነት በአቅማቸው መጠን የወላጆቹ ነው ካለ በኋላ፣ አቅም ላጡት መንግሥት በምግብ፣ በልብስና በመጠለያ እንዲረዳቸው ያዛል። እነዚህን ሦስቱን አንቀጾች ከወንጀል ሕጉ አንቀጽ ጋር አብሮ ሥራ ላይ የሚያውል አንድ መኮንን በዚያ ከተማ ቢኖር ኖሮ የእኔ ንግግር ያን ጥፋት ባላደረሰም ነበር። እኛ ግን ከሕጉ ውስጥ የምናነበው እሥራቱን ነው፤ እሥራት ከሁሉ ይልቅ ርካሽ ነውና። አንድ ክፍልና አንድ ቁልፍ ይበቃዋል።

በሌላው ዓለም ያለውን ብንመለከት፣ መንግሥታት ሁሉ በዚህ ነገር ላይ ሲደናቀፉ እናያለን። በእንግሊዝ አገር እ.ኤ.አ. በ1933 የወጣው የሕፃናትና የወጣቶች ሕግ ከ16 ዓመት በታች የሆነን ልጅ ለልመና ያሠማራ ወይም እንዲለምን የፈቀደ ሰው እስከ 3 ወር ይታሰራል ይላል። ሩማንያ ደግሞ በወንጀል ሕግዋ ልጅን ይዞ ደጋግሞ የሚለምንን ሰው የምትቀጣው ሰውየው ሠርቶ መብላት የሚችል ሲሆን ነው፤ ይህች ትንሽ ሐረግ አቅም ያጣውን ወላጅ ለይታ ታወጣለች። ይህን አገላለጽ በበኩሌ እወደዋለሁ። ትልቅ ትምህርት የሚገኘው ግን ከህንድ ነው። የዴልሂ ከፍተኛ ፍርድ ቤት እ.ኤ.አ. በ2018 ዓ.ም. መለመንን ራሱን ወንጀል ያደርጉ የነበሩትን የድሮ አንቀጾች ሽሮአል፤ መንግሥት ለዜጋው የዕለት ጉርሱን ሳያሟላ በመለመኑ ሊቀጣው አይገባም የሚል ነው ሐሳቡ። በዚያችው አገር እ.ኤ.አ. በ2015 ዓ.ም. የወጣው የሕፃናት ፍትሕ ሕግ ግን ልጅን ለልመና የሚቀጥር ሰው እስከ 5 ዓመት እንዲታሰር እንዳዘዘ ነው። መለመንና በልጅ ማስለመን ሁለት የተለያዩ ነገሮች መሆናቸውን በዚህ መንገድ ለይተዋል። እኛ አገር ግን በጎዳና ላይ ዘመቻ በተደረገ ቁጥር ለማኙም፣ አስለማኙም፣ ልጁም በአንድ መኪና ተጭነው ሲሄዱ ነው የሚታየው።

አንዳንድ ሰዎች ይህን ሁሉ ሲሰሙ «ልመና በእኛ አገር ነውር አይደለም፤ ባሕላችን ነው» ይላሉ። እውነት ነው፤ የአገራችን ሰው ለማኝን «የኔ ቢጤ» ብሎ ይጠራዋል፤ ነገ እኔም እንዳንተ ልሆን እችላለሁ ማለት ነውና ስሙ ትሕትና አለበት። የቆሎ ተማሪውም ከእናት አባቱ ተለይቶ፣ ደበሎ ለብሶ፣ አኩፋዳ አንግቶ፣ በየደጁ «በእንተ ስማ ለማርያም» እያለ ቁራሽ ሲለምን ማደጉ የታወቀ ነው፤ ከእነዚህም መካከል ስንት ሊቅ እንደ ወጣ መቍጠር አይቻልም። ላሊበላ የሚባሉትም ሌሊት በሰው ደጅ ቆመው እያዜሙ ሲለምኑ ልጆቻቸውን አብረው ያስከትላሉ፤ ማዜሙን የተዉ እንደሆነ የሥጋ ደዌ ይይዘናል የሚል እምነት ከአባቶቻቸው ወርሰዋልና።

እኔ ግን እነዚህን ከአዋሽዋ ልጅ ጋር አንድ ማድረግ አልችልም። የቆሎ ተማሪ የሚለምነው ራሱ የሚጎርሰውን ነው፤ ብር ቆጥሮ የሚያስረክበው ሰው የለም፤ ቁራሹን ካገኘ በኋላ የቀረው ሰዓት የትምህርት ነው። የላሊበላውም ልጅ ጎሕ ሲቀድ ወደ ቤቱ ይገባል፤ ሌላ ነገር ባይማር ዜማ ይማራል። ይህን ስል ያለፈውን ማሞገሴ አይደለም፤ በውሻ የተነከሰውን፣ በእከክና በረኃብ ያለቀውን የቆሎ ተማሪ ታሪክ የጻፈው ስለሌለ እንጂ ከሊቃውንቱ ቍጥር እንደማያንስ እገምታለሁ። ባሕል የሚባለው ነገር ጠባቂ ሲያጣ ወዴት እንደሚወድቅ ደግሞ በሴኔጋል ታይቶአል። በዚያ አገር ታሊቤ የሚባሉት የቁርአን ተማሪዎች እንደ እኛው ተማሪ ለጉርሳቸው ይለምኑ ነበር፤ ከተማው ሲሰፋ ግን አንዳንዱ መምህር ልጆቹን በቀን ይህን ያህል ገንዘብ ካላመጣችሁ እያለ ይገርፋቸው ጀመር። እ.ኤ.አ. በ2005 ዓ.ም. የሌላውን ልመና የሚበዘብዝ ሰው ከ2 እስከ 5 ዓመት ይታሰር የሚል ሕግ ወጣ። ሕጉ በወጣ በስምንተኛው ዓመት ዳካር ውስጥ ተማሪዎች ታጭቀው የሚያድሩበት ቤት በእሳት ሲጋይ 9 ልጆች ሞቱ። ሕጉ በመጽሐፍ ነበረ፤ ልጆቹ ግን በዚያ ቤት ነበሩ።

ወደ አፋር ልመለስ። የአፋር ሰው ስለ ልጅ ያለው አስተያየት ከተሜው ከሚያስበው የተለየ ነው። በአፋር ዘንድ ልጅ የእናት አባቱ ብቻ ሳይሆን የጎሣው ነው። ከብቱ ያለቀበት ሰው ከጎሣው ዘንድ ሄዶ የምትታለብ ፍየል ቢጠይቅ ልመና አይባልም፤ መብቱ ነው። ሁለት መንገደኞች በበረሃ ሲገናኙ ተቀምጠው ዳጉ ይለዋወጣሉ፤ ዝናብ የት እንደ ዘነበ፣ ማን እንደ ታመመ፣ የማን ከብት እንዳለቀ በዚህ ይሰማል። እንዲህ ባለ አገር የተራበ ልጅ ሳይታወቅ አይሰነብትም ነበር። ነገር ግን የ2008 ዓ.ም. ድርቅ ከብቱን ፈጀ፤ ከ2013 ዓ.ም. መጨረሻ ጀምሮ ጦርነቱ ወደ ክልሉ ሲገባ ብዙ ሺህ ሰው ከቀዬው ተፈናቀለ፤ በ2017 ዓ.ም. ታኅሣሥና ጥር በአዋሽ ፈንታሌና በዱለቻ ምድር እየተንቀጠቀጠ ሕዝቡን አስለቀቀው። ጎሣው ራሱ እጁ ባዶ ሲሆን ማን ለማን ይሰጣል? በዚህም ላይ በመንገድ ዳር ከተሞች ከሚለምኑት ብዙዎቹ ከወሎና ከሐረርጌ ወርደው የመጡ ናቸው፤ እነዚህ ጎሣም የላቸውም፤ ዳጉም አይደርሳቸው።

አንድ የማከብረው የአገሩ ሰው «እንዲህ ያለው ነገር ለፖሊስ ከመድረሱ በፊት ለሽማግሌ ይድረስ፤ በመብሎ እንየው» ብሎኛል። መብሎ የሽማግሌዎች ሸንጎ ነው፤ ከዛፍ ሥር ተቀምጠው እስኪስማሙ ድረስ የሚነጋገሩበት። ሐሳቡ ከእሥራቱ እንደሚሻል አምናለሁ፤ ሸንጎው ቢያንስ ልጅቱን ለማን እንስጣት ብሎ መጠየቁ አይቀርምና። የሚያሠጋኝ ግን በሸንጎው ላይ የሚናገሩት የአባትና የጎሣ ጠበቆች መሆናቸው ነው። ልጅዋ በዚያ ቃል የላትም፤ ከሌላ አገር የመጣችው እናት ደግሞ በዛፉ ሥር የሚቀመጥላት ወንድም የላትም።

በሰመራ ያለው ሁኔታ ጥቂት ለየት ይላል። ሰመራ መዲናነትን ከአሳይታ የተረከበ አዲስ ከተማ ነው፤ መሥሪያ ቤት፣ ዩኒቨርሲቲና ሰፊ አስፋልት አለው። ቀትር ላይ ውሻ እንኳ ከጥላው አይወጣም፤ ስለዚህ ልመናው ጠዋትና ማታ፣ ይልቁንም ዓርብ ዓርብ በመስጊድ ደጅ ነው። ጠዋቱ ግን የትምህርት ሰዓት ነው። ይህች ከተማ ከጎረቤትዋ ከሎግያ ጋር በ2009 ዓ.ም. የከተማ ሴፍቲኔት ፕሮግራም ከተጀመረባቸው 11 ከተሞች አንዷ ነበረች፤ መሥራት ለሚችል ድኃ ሥራ፣ ለማይችለው ቀጥታ ድጎማ የሚሰጥ ነው። ከአፋር በዚያ የመጀመሪያ ዙር የተመረጠው ይህ አንድ ብቻ ነው፤ አዋሽ አልነበረበትም። እንግዲህ ያች እናት የተቀመጠችው ከሰመራ አስፋልት ዳር ቢሆን ኖሮ አንድ ወረፋ ልትይዝ ትችል ነበር፤ 360 ኪሎ ሜትር ያህል ወዲህ በአዋሽ በኩል ቢሆን ግን የሚጠብቃት ያው የግራር ጥላ ነበረ። ያውም ወረፋው የነዋሪነት መታወቂያ ላለው ነው። ከቀዬው የተፈናቀለና የሚንከራተት ሰው፣ ከሁሉ ይልቅ ልጁን ለልመና የሚያወጣው እርሱ ሆኖ ሳለ፣ መታወቂያ የሌለውም እርሱ ነው። ድጎማውን ያቀዱት ሰዎች ደግ ሐሳብ እንደ ነበራቸው አልጠራጠርም፤ ነገር ግን በር ሠርተው በሩን የሚያንኳኳው ሰው የቤት ቍጥር እንዲኖረው ጠየቁ።

ከዚህ ተነሥቼ የማስበውን ልናገር። አንድ ሰው የሌላውን ልጅ ሰብስቦ፣ ገንዘቡን ተረክቦ፣ ያላመጣውን የሚመታ ሲሆን፣ በ2012ቱ አዋጅ ያለ ምሕረት ይከሰስ። እናት ወይም አባት ሆኖ ልጁን የሚያሰማራው ደግሞ ሠርቶ መብላት እየቻለ እንደሆነ ይጠየቅ፤ ያቃተው እንደሆነ ግን ወደ ጣቢያ ከመወሰዱ በፊት ወደ ማኅበራዊ ጉዳይ ጽሕፈት ቤት ይወሰድ። በማናቸውም ጊዜ ቢሆን ልጁ የሚያድርበት ቤትና የሚቀበለው ሰው ሳይታወቅ እናቱን የሚያንቀሳቅስ መኮንን ራሱ እንደ ጥፋተኛ ይታይ። ይህ ሦስተኛው ከሁለቱ ይልቅ ይበልጥብኛል። አዲስ አዋጅም የሚፈልግ አይመስለኝም፤ ቀድሞ የተቀበልነውን አንቀጽ 20ን ለከተማው ፖሊስ በአንድ ገጽ መመሪያ መስጠት ይበቃል።

አንድ የሕግ ሰው ወዳጄ ይህን ሲሰማ «አንተ ለእናቶች አዝነህ ሕፃናትን ለንግድ አሳልፈህ መስጠትህ ነው፤ ድኃ የሆነ ሁሉ አይቀጣም ከተባለ ነገ ድኃ ነኝ የማይል የለም» አለኝ። ነገሩን አልናቅሁትም። እናት ስለሆነች ብቻ ሁልጊዜ ትራራለች ማለት አይቻልም፤ የልጅዋን እንባ ከስንዴ ይልቅ የምታምን እናት አይቻለሁ፤ ታሪኩንም ከላይ ጽፌዋለሁ። ልጅቱ በዚያች ሰዓት ከመኪናው ሥር ብትገባ ኖሮ ዛሬ የምጽፈው ሌላ ነበር። ነገር ግን ወዳጄን «ሴትዮዋ 3 ወር ብትታሰር ልጅቱ በነዚያ 90 ሌሊቶች የት ታድራለች?» ብዬ ብጠይቀው «እሱ የእኛ ክፍል ሥራ አይደለም» አለኝ። ያ ፖሊስም ብጠይቀው ይህንኑ ባለኝ ነበር፤ ጽሕፈት ቤቱም እንዲሁ። እኔ ራሴ አውቶቡስ ላይ ስወጣ በልቤ ያልሁት ይህንኑ ነበር።

ስለ ራሴ ልማድ ደግሞ ጥቂት ልጨምር። ከዚያ ወዲህ በመስኮት ለሚዘረጋ የልጅ እጅ አልሰጥም። መኪናው ሲቆም እወርድና ጥላ ሥር ወደ ተቀመጠችው ሴት ሄጄ ለእርስዋ እሰጣለሁ፤ ለልጁ ዳቦ ወይም ሙዝ ቆሜ አበላዋለሁ። ተሳፋሪዎቹ ይስቁብኛል፤ ሾፌሩም ጥሩምባ ይነፋብኛል። በዚህ አንድም ልጅ ከመንገድ አልወጣም፤ የእኔ አሥር ብር ለእናቲቱ ሲደርስ የሌሎች አርባ ሰዎች ብር አሁንም ወደ ትንሽዋ እጅ ይሄዳልና። በአውቶቡሱ ውስጥ ያለን ሁሉ በአንድ ቀን ብንወርድ ምን ይሆን እንደ ነበረ አንዳንድ ጊዜ አስባለሁ። ሾፌሩ ትቶን ይሄድ ይመስለኛል።

ባለፈው ጉዞዬ ያ ከተማ ደርሰን ሳለ ሻይ ቤቱ ያለበትን ስፍራ አየሁት፤ ዳሱ በቆርቆሮ ተለውጦአል። እናቲቱና ልጆችዋ አልነበሩም፤ ባለ ሻይ ቤቷ «ምድሩ የተንቀጠቀጠ ጊዜ ከሰዉ ጋር ሄዱ» ከማለት በቀር የምትነግረኝ አልነበራትም። በቦታቸው ሌላ ሴት ተቀምጣለች፤ ሃይላንድ የሚለቅም የሚመስል አንድ ወንድ ልጅ ግን ጠርሙስ ሳይሆን መስኮት መስኮት ሲያይ ነበር። ያ ፖሊስ አሁን ማዕርግ ጨምሮአል። ከሩቅ አወቀኝና መጥቶ ከፊቴ ተቀመጠ። ሻይ አዘዘልኝ። ልጁ በከባድ መኪናዎቹ መካከል ሲገባ ሁለታችንም አየነው፤ ሁለታችንም ዝም አልን። ቆይቶ ፖሊሱ፣ በማሾፍ ሳይሆን እንደሚጠይቅ ሰው፣ «ዛሬስ ምን እናድርግ፣ ጋሼ?» አለኝ።

እኔም ተነሥቼ ልጁን ከመኪናዎቹ መካከል በእጁ ይዤ አወጣሁትና ከጎናችን አስቀመጥሁት። ሴቲቱ ከማዶ ሆና ታየናለች። ሻዩ እስኪያልቅ ድረስ ተቀመጠ።